ግልባጭ፦ ለሌባው

ዛሬ ጠዋት መነጽሬን ጠርጌ ኮምፒውተሩን ብከፍት 74 ደብዳቤ ቆሞ ይጠብቀኛል። የሥራዬ የሆነው ሁለቱ ብቻ ነው። ከቀሩት አንዱ፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ዘመዴ ባሕር ማዶ ሞቶ 9 ሚሊዮን ዶላር እንዳወረሰኝ ያረዳኛል። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ቀድሞ ድንኳን ይተከላል፣ ለቅሶ ይደረሳል፤ የዚህ ሰው ጠበቃ ግን ሠልስቱ እንኳ ሳይወጣ ውርስ ማካፈል ጀምሯል። ሌላው የቻይና አየር ማቀዝቀዣ ይሸጥልኛል፣ በዚህ በሐምሌ ብርድ! ሦስተኛው ደግሞ የመጣው ከራሴ ነው። ላኪ እኔ፣ ተቀባይ እኔ። «የኮምፒውተርህን ካሜራ ከፍቼ የምትሠራውን ጉድ ሁሉ ቀርጬብሃለሁ፤ በሁለት ቀን ውስጥ በቢትኮይን ካልከፈልህ ለወዳጅ ዘመድ እበትነዋለሁ» ይላል። በዚህ ኮምፒውተር ፊት የምሠራው ጉድ ከምሳ በኋላ ማንቀላፋት ነው። ለባለቤቴ ይላክላት፤ 41 ዓመት ሙሉ አይታዋለች።

ዕድሜዬ 71 ነው። ቡና ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ውስጥ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ጡረታ ወጥቼ ነበር፤ «ጋሼ፣ የውጭ ደንበኞቹን የሚያውቋቸው እርስዎ ነዎት» ብለው መለሱኝ። ሥራ የጀመርሁት በ1968 ዓ.ም. መዝገብ ቤት ነው። የዛሬ ልጆች መዝገብ ቤት ሲባል አቧራና የሻይ ብርጭቆ ነው የሚታያቸው። ለእኔ ግን የቢሮው በር እዚያ ነበር። ደብዳቤ ሲመጣ ቁጥሩ ይታያል፣ ቀኑ ይታያል፣ ማኅተሙ በፊርማው ላይ ማረፉ ይታያል፣ ያመጣው ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርማል፣ ከዚያ ገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ፖስታ ሳጥን ውስጥ የገባውም ቢሆን ላኪው ቴምብር ገዝቶበታል። ቴምብር ሰውን ጨዋ ያደርግ ነበር። እርግጥ አታላይ በፖስታም ይጽፍ ነበር፤ አውሮፓውያን «የስፔኑ እስረኛ» የሚሉት፣ ባለጸጋ እስረኛ እናስፈታና ሀብቱን እንካፈል የሚል የማታለያ ደብዳቤ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ያ ሌባ ግን ቢያንስ ለእያንዳንዷ ደብዳቤ ከኪሱ ይከፍል ነበር። የዛሬው በአንድ ጣት ለሚሊዮን ሰው ይልካል፤ ከሚሊዮኑ አንድ ሞኝ ከተገኘ አትርፏል።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ቴሌክሱ ነው። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር፤ ቢሆንም ሥርዓት ነበረው። ሐምቡርግ ስንደውል መጀመሪያ የምንጫናት አንዲት ቁልፍ ነበረች፤ ትርጉሟ «ማን ነህ?» ነው። ያኛው ማሽን፣ አጠገቡ ሰው ባይኖርም፣ ከሆዱ የተበጀለትን መለያ ራሱ ያትማል። መልእክቱን ጨርሰን ደግመን እንጠይቀዋለን፤ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የታተመው መለያ አንድ ከሆነ ደብዳቤው ለሰውዬው ደረሰ ማለት ነው። ባንኮች ደግሞ በዚህም አያምኑም ነበር። ገንዘብ አስተላልፍ የሚል ቴሌክስ ሲደርሳቸው «ቴስት ኪይ» የሚሉትን ቁጥር ያሰላሉ፤ ከቀኑ፣ ከገንዘቡ መጠንና ካዝና ውስጥ ከሚቆለፍ የምስጢር ሰንጠረዥ ተደማምሮ የሚወጣ ቁጥር ነው። ካልገጠመ ገንዘቡ ንቅንቅ አይልም።

«ማን ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ሆኖ የቀረው ኢሜይል ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ያችን የተጠቀለለች «አት» ምልክት መርጦ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ደብዳቤ ላከ። በ1982 ደግሞ ጆን ፖስቴል ደብዳቤው ከሰርቨር ሰርቨር የሚተላለፍበትን ደንብ ጻፈ፤ ኤስኤምቲፒ ይሉታል፣ ዛሬም በእርሱ ነው የምንላላከው። በዚያ ደንብ ላኪው «ከእገሌ ነኝ» ይላል፣ ተቀባዩ ሰርቨር «እሺ፣ ይግቡ» ይላል። አለቀ። እገሌ ነኝ ያለው እገሌ መሆኑን የሚያጣራ የለም። ሰዎቹን አልወቅሳቸውም። የዩኒቨርሲቲና የምርምር ሰዎች ነበሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋወቁ ነበር፤ የአንድ እድር ሰዎች እንደማለት ነው። እድር ላይ መታወቂያ የሚጠይቅ አለ?

ግን እድሩ ውስጥም ነጋዴ አልጠፋም። ግንቦት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ጋሪ ቱርክ የሚባል የኮምፒውተር ኩባንያ ሻጭ ወደ 400 ለሚጠጉ አርፓኔት የሚባል የኮምፒውተር መረብ ተጠቃሚዎች ያልጠየቁትን ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከባቸው። በ1994 ደግሞ ሁለት የአሪዞና ጠበቆች፣ ባልና ሚስት ናቸው፣ በኢንተርኔት ላይ ከ5 ሺህ በላይ ለሆኑ የውይይት ቡድኖች አንድ ማስታወቂያ በተኑ። ምን ሊሸጡ? የግሪን ካርድ ሎተሪ ማስሞያ! ዲቪ! እንግዲህ እኛን የሚያንገበግበን ነገር ከጅምሩ እዚያው ነበር ማለት ነው። ዛሬም በየዓመቱ «ዲቪ ደርሶዎታል፣ ገንዘብ ይላኩ» የሚል ኢሜይል ለእህቴ ልጆች ይደርሳቸዋል። አሜሪካኖቹ ዕጣ የወጣለትን ሰው በኢሜይል አይነግሩም፤ ራሱ በመለያ ቁጥሩ ገብቶ ነው የሚያየው። ይህን ስነግራቸው «ምናልባት ዘንድሮ ቀይረውት እንደሆነስ?» ይሉኛል። ቢል ጌትስም እ.ኤ.አ. በ2004 ዳቮስ ላይ ስለዚህ ያልተጠየቀ ደብዳቤ «ከሁለት ዓመት በኋላ ስፓም መፍትሔ ያገኛል» ብሎ ነበር። ያኔ ጠጉሬ ገና ጥቁር ነበር።

ድርጅታችን አንድ የአይቲ ልጅ ቀጥሯል። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሲያልፍ ጎንበስ ይላል፣ «ጋሼ» ይለኛል። ተንኮሉን ግን ከማን እንደተማረው አላውቅም። አንድ ቀን ለሁላችንም የፈተና ደብዳቤ ላከ፤ ጉዳዩ፦ «የደመወዝ ጭማሪ ያገኙ ሠራተኞች ስም ዝርዝር»። ሰይጣን እንኳ እንዲህ ያለ ርዕስ አያወጣም። ከ31 ሠራተኛ 19ኛችን ሊንኩን ነካነው። እኔ ሁለት ጊዜ ነካሁት፤ መጀመሪያ ስሜን ስላጣሁት። ከዚያ በኋላ ስብሰባ አዳራሽ አስቀምጦ ስለ አጥማጅ ደብዳቤ አስተማረን። ትምህርቱ ገብቶኛል፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ገብቶኝ፣ የድርጅቱ ባለቤት ወይዘሮ የልጃቸውን የሠርግ ጥሪ በኢሜይል ቢልኩልኝ በአጥማጅነት ሪፖርት አደረግኋቸው። ሠርጉ አመለጠኝ። ይቅርታቸውንም እስካሁን አላገኘሁ።

የይለፍ ቃሉ ነገር ደግሞ አለ። በየሦስት ወሩ ይቀየር፣ ትልቅ ፊደል ይኑረው፣ ቁጥር ይኑረው፣ የጩኸት ምልክት ይኑረው! ልጆቼን በየተራ ጨርሼ ወደ ልጅ ልጆች ተሻገርሁ፤ አሁን የጎረቤት ልጆች ላይ ነኝ። ይህን መከራ ያመጣብን ሰው ተገኝቷል። ቢል በር ይባላል፣ የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ባልደረባ የነበረ፣ መመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2003 የጻፈው እርሱ ነው። በ2017፣ በ72 ዓመቱ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ «አብዛኛውን በማድረጌ እጸጸታለሁ» ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ። ሽማግሌ እንዲህ ነው! በዚያው ዓመት ተቋሙ ራሱ፣ መሰረቁ ካልታወቀ በስተቀር ሰውን በየጊዜው የይለፍ ቃል ቀይር ማለት ይቅር፣ ከተወሳሰበ አጭር ቃል ረጅም ሐረግ ይሻላል የሚል አዲስ መመሪያ አወጣ። ይህን አትሜ ለአይቲው ልጅ ወሰድሁለት። «እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ግን ኦዲተሩ ይጠይቃል» አለኝ። ኦዲተር የሚባል ፍጡር ባለበት አገር እውነት ምን ዋጋ አለው?

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ። ባለፈው ዓመት በኅዳር አንድ ቀን «የመልእክት ሳጥንዎ ሞልቷል» የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። የእኔ ሳጥን ሁልጊዜም ሙሉ ነው፤ ሰውዬው እውነቱን ነው ብዬ ነካሁት፣ የተለመደው መግቢያ ገጽ የሚመስል ገጽ ወጣ፣ ስሜንና የይለፍ ቃሌን ሰጠሁት። ምንም አልሆነም። በሳምንቱ ልጁ አንድ እንግዳ ከማላውቀው አገር ወደ ሳጥኔ መግባቱን አይቶ የይለፍ ቃሌን ቀየረው። ተገላገልን አልን።

ያላየነው ነገር ነበር። ሌባው በእኔ ሳጥን ውስጥ ሳለ አንዲት ትእዛዝ ትቶ ወጥቷል፦ «ክፍያ» ወይም «ኢንቮይስ» የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤ ሁሉ ወደዚህ አድራሻ ይተላለፍ። ቁልፉን ብንቀይርም ትእዛዟ እዚያው ናት። ሁለት ወር ሙሉ፣ መዝገብ ቤት ያደግሁ ሰው፣ ግልባጭ ለማን እንደሚሄድ ለሠልጣኝ ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ ደንበኛ ስለ ክፍያ የሚጽፍልኝ ሁሉ ግርጌው ላይ በማይታይ ቀለም «ግልባጭ፦ ለሌባው» ተብሎ ይሄድ ነበር። ሰምና ወርቅ ይሏል ይህ ነው፤ ሰሙ ለእኔ፣ ወርቁ ለእርሱ።

ቡና በአብዛኛው የሚከፈለው ሰነዱ በባንክ በኩል አልፎ ነው። ያን ጊዜ ግን የሐምቡርጉ ደንበኛዬ ቅድሚያ ክፍያ ሊልክልን ተስማምቶ ነበር፤ 61 ሺህ ዶላር። ከወጣትነታችን ጀምሮ የምንጻጻፍ ሰዎች ነን። ገንዘቡን ሊልክ ሁለት ቀን ሲቀረው ከእኔ ደብዳቤ ደረሰው። ከእኔ ስል፣ አድራሻው የእኔ፣ አንድ ፊደል ያልተዛነፈ፣ ስሜና ማዕረጌ ከታች። መልስ የሚሄድበት አድራሻ ብቻ ሌላ። «ውድ ደንበኛችን፦ በኦዲት ምክንያት የባንክ ሒሳባችን ስለተቀየረ ክፍያውን ከዚህ በታች ወደተመለከተው ሒሳብ እንዲልኩ በትሕትና እንጠይቃለን።» እንግሊዝኛው ከእኔ የጠራ ነው፤ ይህ ራሱ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባ ነበር።

ስልኬ ጮኸ። ሐምቡርግ ነው። ሰላም እንኳ ሳይለኝ «ታመሃል እንዴ?» አለኝ።

«ደኅና ነኝ፣ ምነው?»

«ስለ ጉልበቴ አልጠየቅኸኝም።»

እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። እኔ ደብዳቤ ስጽፍ ሰላምታ አሳጥሬ አላውቅም። ሚስቱ እንዴት ናት፣ የተቀደደው ጉልበቱ ተሻለው ወይ፣ በረዶው በረታ ወይ፣ በእኛ በኩል በልጉ እንዴት ሰነበተ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የቡናው ዋጋ የሚመጣው። ወጣቱ ሥራ አስኪያጃችን በዚህ ስንት ጊዜ ገሥጾኛል። «ጋሼ፣ ኢሜይል አጭር ነው የሚሆነው፣ ሰዎቹ ጊዜ የላቸውም።» አንድ ጊዜም የሦስት መስመር ናሙና አዘጋጅቶ ሰጥቶኝ ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሌባው ልክ እንደ ሥራ አስኪያጃችን ነው የጻፈው። ሰላምታ የለው፣ በረዶ የለው። 61 ሺህ ዶላር የዳነው በጀርመናዊው ጉልበት ነው።

ለነገሩ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ኤቫልዳስ ሪማሳውስካስ የሚባል አንድ የሊትዌኒያ ሰው የታወቀ የታይዋን አቅራቢ ኩባንያ ነኝ እያለ የሐሰት ኢንቮይስ በኢሜይል ልኮ ከጎግልና ከፌስቡክ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፍሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ኒው ዮርክ ውስጥ 5 ዓመት ተፈረደበት። የደብዳቤ ማጣሪያውን የሚሸጥልን ጎግል ከፍሎ፣ የመዝገብ ቤት ሽማግሌ ቢታለል ምን ይገርማል? ይህን ለሥራ አስኪያጁ ስነግረው ግን ብዙም አልተጽናናም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ልጁ ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ተከለ። ስማቸው ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ ነው። ሲያብራራልኝ ግማሽ ቀን ወሰደ። ሲጨርስ «አንተ ልጅ፣ ይህ እኮ መዝገብ ቤት ነው» አልሁት። የመጀመሪያው፣ በስማችን ደብዳቤ ለማድረስ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ነው፤ ሁሉ የሚያየው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ሁለተኛው ማኅተም ነው፤ ደብዳቤው መንገድ ላይ አንድ ቃል ቢቀየርበት ማኅተሙ ይፈርሳል። የጥንት ነገሥታታችን ደብዳቤ ማኅተሙ ከአናቱ ላይ ነበር፤ የዚህም እንዲሁ ከራስጌው ነው የሚቀመጠው፣ ብቻ ሰው አያየውም። ሦስተኛው ለተቀባዩ ዘበኛ የሚጻፍ ትእዛዝ ነው፦ በእኔ ስም የመጣ ሰው ከዝርዝሩም ከማኅተሙም ካልገጠመ ወይ ዝም ብለህ ሪፖርት አድርግልኝ፣ ወይ ጥግ አቆየው፣ ወይ ከበር መልሰው። ጎግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከ2024 የካቲት ጀምሮ ደብዳቤ በጅምላ የሚልክ ሁሉ ሦስቱንም እንዲያሟላ አስገድደዋል። ከ1982 እስከ 2024 ቁጠሩት። «ማን ነህ?» ለማለት 42 ዓመት!

ልጁ ትእዛዙን ቸኩሎ ወደ «መልሰው» አደረገው። ለካ የሒሳብ ክፍሉ ኢንቮይስ የሚልክበት ሶፍትዌር በሌላ ሰርቨር ነው የሚልከው፤ በዝርዝሩ ላይ አላሰፈረውም። አንድ ሳምንት ሙሉ የራሳችን ኢንቮይስ ከየበሩ እየተመለሰ፣ ደንበኛ ሁሉ «ኢንቮይሱስ?» እያለ ይደውላል። መጀመሪያ ሪፖርቱን እያዩ መሰንበት፣ ማን በስማችን እንደሚልክ መለየት፣ ከዚያ ነው በር መዝጋት የሚገባው። አዲስ ዘበኛ ባለቤቱን አላስገባም ማለቱ ያለ ነው።

አሁን ሳጥኔን ለመክፈት ከይለፍ ቃሉ ሌላ ስልኬ ላይ የሚመጣ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ይጠይቀኛል። ቁጥሩ ይመጣል፤ መነጽሬን እስካገኝ ጊዜው ያልፍበታል። እንደገና ይመጣል፤ መብራት ይጠፋል። ሆኖም አልዋሽም፤ ይህ ነገር በዚያ ኅዳር ቢኖር ኖሮ ያ ሌባ በይለፍ ቃሌ ብቻ ሰተት ብሎ አይገባም ነበር። ሕግም አለ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሰው ሳይፈቅድ የማስታወቂያ ኢሜይል መበተንን ወንጀል አድርጎታል። የአየር ማቀዝቀዣው ሻጭ ግን አዋጁን ያነበበ አይመስለኝም።

በሰላምታዬ ስመካ ልጁ አየኝና ሰሞኑን ወሽመጤን ቆረጠው። አሥር የሚሆኑ አሮጌ ደብዳቤዎቼን ለአንድ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጥቶ «በእርሳቸው አጻጻፍ ሒሳብ ተቀይሯል የሚል ጻፍልኝ» አለው። በቅጽበት ጻፈው። ጉልበቱን ጠየቀ፣ ሚስቱን ጠየቀ፣ በረዶውን ጠየቀ፤ እኔ የረሳሁትን ውሻውን እንኳ ጠየቀለት! ከእኔ የበለጠ እኔ ሆኖ ቁጭ አለ። እንግዲህ ሰላምታም ተሰረቀ። «ድምፅስ?» አልሁት። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ የአሩፕ ኩባንያ ሠራተኛ የገንዘብ ኃላፊውንና ባልደረቦቹን በቪዲዮ እያየና እየሰማ ወደ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ማስተላለፉን፣ በስክሪኑ ላይ የነበሩት ሰዎች ሁሉ በኮምፒውተር የተሠሩ መሆናቸውን ነገረኝ። ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ።

ከዚያ ለሐምቡርግ ደወልሁ። የደወልሁት በኢሜይሉ ግርጌ በተጻፈው ቁጥር አይደለም፤ በ1979 ዓ.ም. በእጄ በጻፍሁት የስልክ ደብተሬ ላይ ባለው ነው። አንድ ቃል ተስማማን። ገንዘብ የሚነካ ደብዳቤ ከተላከ ላኪው ይደውላል፣ ተቀባዩ ቃሉን ይጠይቃል። ቴስት ኪይ ተመለሰ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፤ ኮምፒውተሩም አያውቀውም። ጉልበቱ፣ በነገራችን ላይ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ተሽሎታል።

ይህን የምታነቡ ደንበኞቻችን፦ የድርጅታችን የባንክ ሒሳብ ቁጥር አልተቀየረም። ተቀይሯል የሚል ደብዳቤ ከእኔ ከደረሳችሁ፣ የቱንም ያህል ስለ ጤናችሁ ቢጠይቅ፣ ደውሉልኝ። ከምሳ በኋላ ካልሆነ አነሣለሁ።